ጠዋት ጠዋት ጋዝ አለ

ጋዝ ሲባል እናንተ ምን እንደሚታያችሁ አላውቅም። ለኔ ጋዝ ማለት በጠርሙስ ተገዝቶ ፋኖስ ውስጥ የሚገባው፣ እጅ ከነካ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ምግቡን ሁሉ ጋዝ ጋዝ የሚያሰኘው ነው። ስልሳ ምናምን ዓመት እንዲህ ብዬ ኖሬ፣ በስተርጅና አንዲት የተማረች ልጅ መጥታ ጋዝ ሌላ ነው ብትለኝ እሺ አልኩ። ሰው የሚጣላው በእምቢታ ብቻ ይመስለዋል። እኔ በዕድሜዬ የገባሁበት ጣጣ ሁሉ በእሺታ በር ነው የገባሁት። ትዳሬም ሳይቀር፤ እሱ እንኳ ደግ ጣጣ ነበር፣ የባለቤቴን ነፍስ ይማር።

ጊዜው ደርግ ነው፣ አገሩ ደብረ ብርሃን። ቤቴ ከከተማው ዳር ስለሆነ ነፋሱ መጀመሪያ እኔን ሳይጠይቅ ወደ ከተማ አይገባም። የመብራት እንጨቱ በመንገዱ ዳር ተተክሎ ተተክሎ መጣና ሰፈራችን ሊደርስ ሁለት መቶ እርምጃ ሲቀረው ደክሞት ቆመ። እኔ ለመንገድ ሥራ ዕቃ ግምጃ ቤት ዘበኛ ሆኜ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ከሞተች አራተኛ ዓመቷ ነው። ልጅ አልሰጠንም። ለቅሶ የደረሰው ሰው በተዝካሩ ጊዜ ግማሹ መጣ። ከዚያ ሰላምታው በአጥር ላይ ሆነ። ከዚያ ደግሞ አጥሩ የረዘመ መሰለኝ። ዘበኛ ስለነበርኩ ሰው እንዳይገባ መጠበቅ አውቅበታለሁ። ሰው እስኪገባ መጠበቅ ግን ለካ ሌላ ሙያ ነው፤ እሱን ያስተማረኝ የለም።

ልጅቱ ኢንጂነር ሠናይት ትባላለች። መሥሪያ ቤቷ ከአንኮበር ቁልቁል፣ ከአሊዩ አምባም ዝቅ ብሎ ያለውን ምንጭ እንድታጠና ልኳት፣ አንዷን ክፍሌን ለሦስት ሳምንት ተከራየች። ምንጩን እኔም በወጣትነቴ አውቀዋለሁ፤ እሳት ሳይነድበት የሚፍለቀለቅ ውሃ ነው። እኛ ጠጥተንበት አለፍን፤ እሷ ፍልቅልቁን ይዛው መጣች። ክንድ የሚያህል የብረት ዕቃ ነው፤ ጎኑ ላይ እንደ ጣት የረዘመ ወፍራም መስታወት አለው።

«ይሄ ከምንጩ የሚወጣው አየር ነው፣ አባባ» አለችኝ። «የተቃጠለ አየር ይባላል። ከነዳጅ ወገን የሆነ ጥቂት ነገርም ተቀላቅሎበታል። በኃይል ስለታመቀ አብዛኛው ፈሳሽ ሆኗል፤ ከላይ የቀረው ግን ጋዝ ነው።»

በመስታወቱ አየሁ። ውሃ የመሰለ ነገር አለ፤ ላዩ ላይ ቀጭን መስመር፣ ከመስመሩ በላይ ምንም።

«ከላይ ምንም የለም እኮ፣ ልጄ።»

«ያ ምንም የመሰለዎት ነው ጋዙ።»

ምንም የሚመስል ነገር ቤቴን ሞልቶት ስለነበር ብዙ አልገረመኝም።

ሥራው እንዲህ ነው። ዕቃው ሲሞቅ ፈሳሹ እያበጠ ይሄድና ጋዙን ውጦ መስመሩ ይጠፋል። ስንት ሙቀት ላይ እንደሚጠፋ ኢንጂነር በወረቀት አስልታ ሃያ ሁለት ላይ ነው ብላለች። ስሌቱ ግን አላስተኛትም። ድብልቅ ነገር እንደ ባልና ሚስት ነው አለችኝ፤ ለየብቻ አብጠርጥረው የሚያውቋቸው ሰዎች አንድ ቤት ሲገቡ ምን እንደሚሆኑ አይታወቅም። ስለዚህ በዓይን የሚያይላት ሰው ፈለገች። አዲስ አበባ ወስዳ ለምን አታየውም ስላት፣ እንደ እናንተ አገር ያለ ብርድ በነጻ የት አገኛለሁ ብላ ሳቀች። አገሬ ስለ ብርዱ ሲመሰገን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጎህ ሲቀድ ዕቃውን ደጅ ድንጋይ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ በማይደርስበት ግድግዳ ሥር ፀሐይ አሞቀዋለሁ። ጎኑ ላይ የታሰረውን ቴርሞሜትር አነብና በደብተር እጽፋለሁ። መስመሩ ካለ «ጋዝ አለ»፣ መስመሩ ከጠፋ «ጋዝ የለም»። እሳት አጠገብ እንዳላደርሰው አስማለችኝ፤ ከልክ በላይ ከሞቀ ይፈነዳል። መስመሩ ሦስት ጊዜ በአንድ ቁጥር ላይ ከጠፋ በቃ፤ ደብዳቤ ጽፌ እልካለሁ፣ እሷ መጥታ ዕቃውን ትወስዳለች። ይህን ነግራኝ በጥቅምት መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ሄደች።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ ከነሽበቴ። የምስክር ወረቀቱን ከተቀበልኩ ወዲህ የምጽፈው አጥቼ ግራ ገብቶኝ ነበር። አሁን አንዲት የተማረች ሴት የኔን ጽሕፈት ትጠብቃለች። ደብተሩን ከበሩ አጠገብ ባለው ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ጠዋት ስነሳ ፊቴን ሳልታጠብ ዕቃዬን እጠይቀዋለሁ፤ እንደምን አደርክ፣ ብርዱ እንዴት ነው እለዋለሁ። ዕቃውን ስነካው መስመሩ ወዝወዝ ይላል። ቤት ውስጥ ሲነኩት የሚንቀሳቀስ ነገር መኖሩ ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ ኃጢአቴን ልናዘዝ። መስመሩ በአምስተኛው ቀን አሥራ ዘጠኝ ላይ ጠፋ። በስምንተኛውም አሥራ ዘጠኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለሦስተኛ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ። ወረቀት አወጣሁ። «ለተከበርሽ ኢንጂነር ሠናይት፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። ይህ ደብዳቤ ከደረሳት ትመጣለች፤ ከመጣች ዕቃውን ይዛ ትሄዳለች፤ ከሄደች አለቀ። ካልጻፍኩ ግን ገና አልመጣችም፤ ያልመጣ ሰው ደግሞ መምጣቱ አይቀርም። ገና የሚመጣለት እንግዳ ያለው ሰው ብቸኛ አይባልም። ሦስት ለሥላሴ ይበቃል፣ ለሳይንስ መብቃቱን ግን በምን አውቃለሁ ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩት። ከዚያ በኋላ ነፋሱም ተባበረኝ፤ አብዛኛውን ቀን ሙቀቱ አሥራ ዘጠኝ አይደርስም። ደብተሬ «ጋዝ አለ፣ ጋዝ አለ» እያለ ገጽ በገጽ ሞላ።

በዚያው ሰሞን ከቀበሌው ሱቅ ጋዝ ጠፋ። የፋኖሱን ማለቴ ነው። አንድ ሳምንት ሁለት ሳምንት እያለ ሰባት ሳምንት ሞላው። ሰፈሩ ከዶሮ ጋር መተኛት ጀመረ። እኔ አብሮኝ የሚያመሽ ሰው ስለሌለኝ መጥፋቱን እንኳ በቅጡ አላስተዋልኩም።

ጎረቤቴ ዘነበች አንድ ቀን ወንፊት ልትዋስ መጣች። ከዘነበች ጋር መሠረተ ትምህርት አብረን ነው የተመረቅነው። እሷ በሁለት ማርክ ስለበለጠችኝ ጽሕፈት ባየች ቁጥር ጮክ ብላ ካላነበበች አይሆንላትም። ደብተሩን ከምስማሩ አወረደች። «ጋ... ዝ... አ... ለ» አለች። ገለጠች። «ጋዝ አለ።» ደግማ ገለጠች። እኔ ወንፊቱን ፍለጋ ጓዳ ነበርኩ። ስወጣ ሴትዮዋ የለችም፣ ወንፊቱ እጄ ላይ ቀረ። ምን ነካት ብዬ መልሼ ሰቀልኩት።

በማግስቱ እንግዳ መጣ። ከዚያ ሌላ እንግዳ። ከዚያ ሁለት ሆነው። አራት ዓመት ሙሉ በአጥር ላይ ያንገራገረው ሰላምታ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። እንዴት ነህ፣ ወገብህን ተሻለህ፣ ብቻህን እንዴት ትችለዋለህ ይሉኛል። አንዱ ቆሎ ይዞ መጣ፣ አንዷ እርጎ። የባለቤቴን ደግነት አነሡ። እኔም ሰው እንደ ክረምት ነው፣ ቢዘገይም አይቀርም ብዬ ውስጤ ረጠበ። ሁሉም ጋቢያቸውን በአንድ እጃቸው ጥብቅ አድርገው መያዛቸውን አይቻለሁ፤ ብርዱ ነው አልኩ። ጠርሙስ ይዘው እንደመጡ የገባኝ ቆይቶ ነው።

በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለመሆኑ ጋዝ አለ የሚባለው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ዕቃዬ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«ጠዋት ጠዋት አለ» አልኩት። «ቀን ላይ ግን ይጠፋል።»

ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት። ውሸት አለበት? የለበትም። ሽማግሌው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ፣ ገብቶኛል በሚል ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዕቃዬን ይዤ በሩን ስከፍት ሰልፍ ነው። ከበሬ ጀምሮ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ መንገዱ። ሁሉም ጠርሙስ ይዟል። አንዲት ሴት ጀሪካን ይዛ ስለመጣች ስግብግብ እየተባለች ትሰደባለች። እኔን ሲያዩ ሰልፉ ተስተካከለ። ዘነበች አንደኛ ናት። ወንፊት የረሳችውን ያህል ጠርሙስ አልረሳችም። ገና ልገልጽላቸው አፌን ስከፍት የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ጓድ ተክሌ፣ አንድ ጠመንጃ ያዥ ጥበቃ አስከትሎ ደረሰ።

ጓድ ተክሌ ከአብዮቱ በፊት ኮርቻ ሰፊ ነበር፣ ጥሩ ሰፊ። ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ሁሉን ነገር በወስፌ ካልወጋ አያምንም።

«ጓድ አባት፣ ጋዝ አለ ወይስ የለም?»

«በዚህ ሰዓት አለ።»

«ስንት በርሜል?»

«ጥፍር ታህላለች።»

ሰልፉ አጉረመረመ። ዕቃውን አሳየሁት። ዓይኑን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ብዙ ቆየ። የታለ አለኝ፤ ከመስመሩ በላይ ነው አልኩት። ምንም የለም አለኝ፤ እሱ ነው አልኩት። ፊቱ ሲጠቁር አየሁና ነገር ላቃልል ብዬ ኢንጂነር የነገረችኝን አስታወስኩ።

«ለፋኖስ እኮ አይሆንም፣ ጓድ ሊቀመንበር። የተቃጠለ ነው።»

«ማን አቃጠለው?»

እውነትም ማን እንዳቃጠለው ጠይቄያት አላውቅም።

«ሕዝቡ ሰባት ሳምንት ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ እርስዎ እዚህ ጋዝ ሲያቃጥሉ ኖረዋል ማለት ነው?» ደብተሩን ከምስማሩ አስወርዶ አገላበጠ። «ደግሞ በየቀኑ መዝግበውታል። ይሄ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። አሻጥር በደብተር ይዞ የሚገኝ ሰው ገና እርስዎን አየሁ።»

ጥበቃውን ፒንሳ አምጣ፣ ይከፈትና ያለው ይከፋፈል አለው። እኔ ቀበሌ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ስብሰባ ላይ እጄን የማወጣው እንኳ ጎረቤቴ ሲያወጣ አይቼ ነው። ያን ጠዋት ግን ዕቃውን ጋቢዬ ውስጥ አስገብቼ አቀፍኩት።

«ይሄን ከከፈትከው» አልኩት፣ «ከእንግዲህ ወደዚህ ቤት የሚመጣ ሰው የለኝም።»

«የሚመጣው ማነው? ተባባሪም አለ?»

«አንዲት ልጅ ናት። ለዚህ ዕቃ ስትል ትመጣለች። እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ታገሡኝ፤ ፀሐይ ሲመታው ጋዙ በዓይናችሁ ፊት ይጠፋል። የፋኖስ ጋዝ አለመሆኑን ያን ጊዜ ታያላችሁ።»

«አሁን ደግሞ በፊታችን ሊያጠፉት ነው?»

«ራሱ ነው የሚጠፋው።»

እዚህ ላይ ዘነበች ገባችበት። «እንጠብቅ እንጂ፤ ቤት ብንሄድስ ምን ይጠብቀናል? ቢጠፋም ባይጠፋም ጠርሙሱ እንደሁ ባዶ ነው» አለች። ሰዉ ሳቀ። ጓድ ተክሌ ሰዓቱን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ ግድግዳው ሥር ያለውን ብቸኛ ዱካ ስቦ ተቀመጠ።

እንግዲህ እንዲህ ሆነን ዋልን። ዕቃው መሐል ድንጋይ ላይ፣ ሰፈሩ ዙሪያውን። ጠርሙሶቹ በአጥሩ ሥር ተደርድረው እነሱም የሚጠብቁ ይመስላሉ። ቆሎ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሄደ። የቴርሞሜትሩን ቁጥር መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የምጠራው፤ ትንሽ ቆይቶ ጓድ ተክሌ ሥልጣኑን ተረከበ። «አሥር!» ይላል እንደ ስብሰባ። «አሥራ ሁለት!» አሥራ አራት ላይ ሰዎች መከራከር ጀመሩ፤ አይጠፋም የሚሉ በቀኝ፣ ይጠፋል የሚሉ በግራ ሆኑ። ጥበቃው ሳይቀር ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ይጠፋል ከሚሉት ጋር ተቀላቀለ። አሥራ አምስት ላይ ደመና መጣ። ያን ሁሉ ሰው ብታዩት፣ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ዝናብ ሲለምን የኖረ አገር ፀሐይ ይለምናል። አንድ አዛውንት፣ ባለቤትህ በሕይወት ብትኖር ይሄኔ ሁላችንንም በአንድ ቃል ዝም ታሰኘን ነበር አሉኝ። ትክክል ነበሩ። እኔም ስንት ጊዜ ዝም አሰኝታኛለች ብዬ ሳቅሁ፤ ከራሴ ሳቅ ጋር ከተገናኘን ብዙ ቆይተናል።

ደመናው አለፈ። አሥራ ሰባት ላይ መስመሩ ወደ ላይ ወጣ። አሥራ ስምንት ላይ ከመስታወቱ ጫፍ ሥር የቀረችው ጋዝ ፀጉር ታህላለች። ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ። እኔ ግን፣ ትሰድቡኝ እንደሆነ ስደቡኝ፣ ደመናው ተመልሶ ቢመጣ ብዬ በልቤ ጸለይኩ።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ ጓድ ተክሌ፣ በዝግታ። ጎንበስ ብሎ አየ። ዓይኑን ጠረገና ደግሞ አየ። «የለም። ወዴት ሄደ?»

«እዚያው ነው። ከፈሳሹ ጋር አንድ ሆኗል።»

ሁሉም ተራ በተራ ጎንበስ እያለ አየ። ጓድ ተክሌ ወረቀት አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ጻፈ፤ «ጋዙ በሰፊው ሕዝብ ፊት በገዛ ፈቃዱ የጠፋ መሆኑ ተረጋግጧል» ይላል። ከዚያ ግን፣ ዕቃው የማን እንደሆነ የሚያስረዳ፣ ማኅተም ያለው ወረቀት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከልጅቱ ካልመጣ ቀበሌው ወስዶ ይከፍተዋል ብሎ ወሰነ። ይህን ተናግሮ ተነሣ።

እሱ ሲነሣ ሁሉም ተነሣ። ለካ የሚጠበቅ ነገር ካለቀ ሰው የሚቀመጥበት ምክንያት የለውም። ጠርሙሱን ያነሣ «በል ደህና ዋል» ይላል፤ «በል ደህና ዋል» ያለ ይሄዳል። ዘነበች መጨረሻ ላይ ወጣች፤ ወንፊቱን አሁን ወሰደችው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ግቢዬ ውስጥ የቀረው የቆሎ ገለባ ነው።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ብርዱ ወረደ፤ መስታወቱ ውስጥ መስመሩ ተመልሶ ብቅ አለ። ላሳያቸው ብዬ ዕቃውን ይዤ እስከ አጥሩ ሄድኩ። መንገዱ ላይ ነፋስ ብቻ ነው። «መጥቷል እኮ» አልኩ። ከዚያ ገብቼ ደብዳቤውን ጻፍኩ። ያጠፍኩት ወረቀት ላይ ነው የቀጠልኩት፤ የጤናዋ ጥያቄ አስቀድሞ ተጽፎ ስለነበር።

በአሥረኛው ቀን በመሥሪያ ቤቷ መኪና መጣች። ማኅተም ያለውን ወረቀት ለጓድ ተክሌ ሰጠችው፤ ማኅተሙን አይቶ ብድግ አለ። ከዚያ ቤቴ ገብታ ደብተሬን ይዛ ተቀመጠች። ስሌቷ በሦስት መሳቱን ስታይ የምታዝን መስሎኝ ነበር፤ ፊቷ በራ። የሳተው ነው የሚጠቅመኝ አለች፤ ምንጩ ያልጠረጠረችው ነገር እንደያዘ የነገራት እሱ ነው። አመሰገነችኝ። ገጾቹን ወደ ኋላ እየገለጠች ሄደችና ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ጥቅምት ላይ ነው።»

«ነው።»

«ሦስት ጊዜ አሥራ ዘጠኝ።»

«ነው።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልጻፉልኝም?»

ጣራውን አየሁ፣ እግሬን አየሁ። «ከጻፍኩ ትወስጂዋለሻ» አልኳት።

ደብተሩን ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ እንደገና ዘጋችው። ደጅ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ዕቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመችና ቴርሞሜትሩን ከጎኑ ፈትታ እጄ ላይ አኖረችው። የደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ ለሚቀጥለው ሥራዬ ያስፈልገኛል፣ በየሳምንቱ ጽፈው ይላኩልኝ አለችኝ። የጠዋት ብርድ የሚለካ መሥሪያ ቤት እዚያው ከተማችን ውስጥ አለ። እኔ አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። ሁለታችንም አላነሣነውም።

ስለዚህ ብርድ መላክ ጀመርኩ። ሰኞ ስንት፣ ማክሰኞ ስንት ብዬ፣ ከታች ሰላምታ ጨምሬ። መጀመሪያ በየሁለት ሳምንቱ ትመልስልኝ ነበር። ቆይቶ በየወሩ። ከዚያ ለበዓል ለበዓል። ሥራ ይበዛባታል፤ የተማረ ሰው ነው።

ባለፈው ወር ከፖስታ ቤት ደብዳቤ አለዎት ብለው ጠሩኝ። ጋቢዬን ለውጬ ሄድኩ። የራሴው ደብዳቤ ነው፤ ላዩ ላይ በቀይ «መሥሪያ ቤት ለቀዋል፤ ይመለስ» ተብሎ ተጽፎበታል። ቤቴ ይዤው መጥቼ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። እንዲያው ሳይከፈት የመጣ ደብዳቤ ነውና ከፈትኩት። ጽሕፈቱ ጥሩ ነው፣ አይነቅፉትም። ስለ ጤና ይጠይቃል፣ አትጥፊ ይላል። ሰኞ አራት፣ ማክሰኞ አንድ፣ ረቡዕ ዜሮ፣ ውርጭ አለ ይላል። እንዲህ ባለ ብርድ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ የሚጽፍ ምን ያለ ምስኪን ሰው ነው ብዬ በጣም አዘንኩለት።